ባዶ የሚመለስ ኩባያ

የሆስፒታሉ በር ፍተሻውን ሁልጊዜ የሚጀምረው ከቀኝ እጅ ነው። ሰዓዳ እንድሪስ መዳፏን ዘርግታ ትቆማለች፤ ቀጥሎ የእጇን ጀርባ፣ ከዚያ የጥፍሮቿን ሥር ታሳያለች። ከዚያ ግራው ይከተላል። ከዚያ አፍንጫ፣ ከዚያ ጉሮሮ። አሥራ አንድ ዓመት በየማለዳው እንዲህ ስትታይ ኖራ፣ አሁን አሁን እጄን ከባሌ ይልቅ በሩ ሳያውቀው አይቀርም እያለች ትቀልዳለች። የጋብቻ ቀለበቷን እንደማንኛውም ባለትዳር አንገቷ ላይ ነው ያሰረችው። አረንጓዴ ሲበራ በሩ ይከፈታል። ቀይ የበራበት ሰው አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ጎረቤትም ለሳምንት ደጁን አይረግጥለትም።

ዘመኑ 2091 ነው። መድኃኒቶቹ ጀርም መግደል ካቆሙ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኗል። ደሴ ውስጥ ሰው ሰላም ሲባባል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው፤ እጁን የሚዘረጋ ከተገኘ ወይ ሰክሯል ወይ ሰው ባልነበረበት ነው ያደገው ይባላል። ጉልበቱ የተላጠ ልጅ ቁስሉ እስኪደርቅ ትምህርት ቤት አይገባም። ጽጌረዳ የሚተክልም ጠፍቷል፤ እሾህ አለዋ።

ሆስፒታል ግን አልቀረም። አጥንት ይሰበራል፣ ትርፍ አንጀት ይቆጣል፣ ሴት በምጥ ትያዛለች። ከጦሳ ተራራ ግርጌ የተሠራውን ባለ ስድስት ፎቅ ሆስፒታል የከተማው ሰው «መስታወቱ» ይለዋል። እዚያ የሚተኛን ሰው ዘመድ አይከተለውም። ድሮ አንድ ሰው ሲታመም ሰፈር ሙሉ ይግተለተል ነበር አሉ፤ አልጋው ጫፍ የሚቀመጠው፣ ግንባሩን የሚስመው፣ ብርቱካን የሚልጥለት። ያ ሁሉ በሕግ ቀረ። ሕመምተኛ ሳይጠየቅ ይሙት ብሎ መጻፍን ግን ሕጉም አልደፈረውም፤ ስለዚህ መንግሥት ጠያቂ ቀጠረ።

ሰዓዳ የሦስተኛው ፎቅ ጠያቂ ናት። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ከማለዳው አንድ ሰዓት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ባለው መስኮት ፊት የአሥራ አራት ሕመምተኞች ቤተሰብ ይሰለፋል። እሷ ከመስኮቱ ወዲህ ቆማ የእያንዳንዱን ቃል ትቀበልና ፎቅ ወጥታ ለየባለቤቱ ታደርሳለች፤ ምርቃቱን እንደ ምርቃት፣ ቁጣውን እንደ ቁጣ። «እህትህ፣ ያቺ ፍየልህ ዛሬም ጓሮ ገብታ ጎመኔን ጨርሳዋለች፣ ቶሎ ድነህ ካልመጣህ አርጃት ነው የምጠብቅህ ብላለች» ትላለች፣ የእህትየውን ድምፅ አስመስላ። ሕመምተኛውም ስፌቱን በእጁ ደግፎ ይስቃል። በስክሪን መገናኘት ይቻላል፤ ብቻ የደሴ ሰው በስክሪን መጠየቅን እንደ መጠየቅ ቆጥሮት አያውቅም።

ከቃሉ ጋር ኩባያ ይመጣል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ክዳን ያለው አንድ ኩባያ እንዲያስገባ ተፈቅዶለታል፤ ብዙውን ጊዜ የአጃ አጥሚት ነው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኩባያው በዚያው መስኮት ይመለሳል። ቤተሰብ ሰዓዳ የምትለውን ሁሉ ከሰማ በኋላ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ያያል፤ ከእሷ አፍ ይልቅ የሚያምነው ኩባያውን ነው። ባዶ ከሆነ ሕመምተኛው እህል ቀምሷል ማለት ነው፤ እህል የቀመሰ ደግሞ ይተርፋል።

ችግሩ የታመመ ሰው አጥሚት አይጠጣም። ደንቡ «ያልተጠጣው ከነክዳኑ ይመለስ» ይላል። ሥራውን ያስለመደቻት አሮጊቷ ጠያቂ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ክፍሉ የእጅ መታጠቢያ ወሰደቻትና አጥሚቱን ደፋች፤ ውሃ ለቀቀችበት፤ ኩባያውን አለቀለቀች። «የእናት ሆድ ሙሉ ኩባያ አይችልም» አለቻት። ሰዓዳም እንዲሁ ስታደርግ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በየፎቁ ያሉት ጠያቂዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ማንም ክፉ ነገር ነው ብሎ አስቦ አያውቅም። እንዲያውም ከሥራቸው ሁሉ ጽድቅ ያለበት ይኼኛው ይመስላቸው ነበር።

አልጋ ሰባት ላይ መክሊት አለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጭኗ ከሁለት ቦታ ተሰብሮ በብረት ተገጥሟል። እናቷ ወይዘሮ ስንዱ በየማለዳው ከፒያሳ በእግራቸው መጥተው የሰልፉን መጀመሪያ ይይዛሉ። ኩባያቸው የትልቅ ሰው ኩባያ ነው፤ ካልሞላ አይሆንላቸውም።

«ይሸተኛል» ትላለች መክሊት ኩባያው ሲከፈት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። «ለእማዬ ግን ጨርሳለች በይልኝ። እባክሽ ሰዓዳ፤ ካልሆነ ቤቷ ገብታ አትተኛም።»

«አብሽሪ፣ እኔ አለሁ» ትላታለች ሰዓዳ። እንዲህ ሲባባሉ አሥራ አንድ ቀን ሆናቸው።

በነዚሁ አሥራ አንድ ቀናት ክፍሉ ውስጥ ጀርም ገባ። ረጅም የሳይንስ ስም አለው፤ ሰው የሚጠራው ግን «አድፋጩ» እያለ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ብዙ ቀን ድምፁን አጥፍቶ ይቆያልና። መጀመሪያ አልጋ አንድ ላይ የነበሩት አቶ ሰይድ አረፉ። ቀጥሎ አልጋ ሦስት የነበረችው ልብስ ሰፊ ሄደች። ሰኞ ዕለት ሁለት ሰው በአንድ ቀን አተኮሰው።

ማክሰኞ ጧት የኢንፌክሽን ተቆጣጣሪዋ ሲስተር ቃልኪዳን ሠራተኛውን ሰበሰበች። የሰዓዳ እኩያ ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የተናገረችበትን ቀን የሚያስታውስ የለም።

«ስምንት መቶ አርባ ናሙና ተወስዷል» አለች። «አልጋ፣ ፍራሽ፣ ግድግዳ፣ አየር፣ የቧንቧ ውሃ፣ የሐኪም ጫማ። ምንም አልተገኘም። ስለዚህ ናሙናውን የሚመረምረው መሣሪያ ምንጩ የሰው እጅ ነው ብሎ ደምድሟል። ከትናንት ጀምሮ አቶ ይማም ከሥራ ታግደዋል።»

ጋሽ ይማም የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ወለሉን ማሽን ይጠርገዋል፤ ማሽን የማይደርስበትን ጥጋጥግ ግን ሠላሳ ዓመት በጨርቅ የወለወሉት እሳቸው ናቸው።

«የጋሽ ይማም እጅ አንድም ቀን ቀይ በርቶበት አያውቅም» አለች ሰዓዳ።

«አውቃለሁ። ግን ሌላ የሚጠረጠር አልቀረም።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው። ሰዓዳ ይህን በሆዷ አለችና የሚቀጥለውን ጠበቀች፤ የሚቀጥለውን ሁሉም ያውቀዋል።

«ምንጩ ካልተገኘ ሐሙስ በስድስት ሰዓት ክፍሉ ይታሸጋል።»

ማሸግ ማለት አርባ ቀን ሰው አይገባም፣ ሰው አይወጣም ማለት ነው። ምግብና ውሃ ማሽን ያቀብላል። ቁስል ማሽን ያያል። ሌሎቹን ፎቆች ለማዳን የወጣ ደንብ ነው፤ ደንብነቱ ትክክል ነው። ባለፈው ዓመት አምስተኛ ፎቅ ሲታሸግ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ነበር፤ በአርባኛው ቀን ሦስት ወጡ።

«ያልታመሙት አሥሩስ?» አለች ሰዓዳ።

«አድፋጩ እንዳልያዛቸው ማወቂያ ጊዜ የለንም። አብረው ይታሸጋሉ።»

ሰዓዳ ተቆጣች። ቁጣዋን ምን ላይ እንደምታሳርፈው ስላላወቀች ሐሙስ ላይ አሳረፈችው። ሐሙስ ሳይደርስ አገኘዋለሁ ብላ ለራሷ ማለችና ወደ ክፍሉ ገባች።

ሳይንስ አታውቅም። ክፍሉን ግን በቃሏ ታውቀዋለች፤ የሰው ቃል ሳታዛንፍ ተሸክማ መዋል ሥራዋ ነው። ያን ዕለት መልእክቷን እያደረሰች ከአልጋ አልጋ እየዞረች ጠየቀች፤ ቁስልህን ማን አየልህ፣ ስንት ሰዓት፣ ፋሻው ከየት መጣ። እስከ ቀትር አንድ ነገር ያዘች። የሞቱት ሁለቱም፣ ያተኮሳቸው ሁለቱም፣ ፋሻቸው የሚመጣው ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ካለው መደርደሪያ ነው። የሌሎቹ ቁስል የሚታሰረው ከወዲያኛው ቁምሣጥን በሚመጣ ነው። ወዲያኛው ቁምሣጥን ግን እሑድ ፋሻ ጨርሶ ነበርና፣ ከእሑድ ጀምሮ የመክሊትም ጭን የሚታሰረው ከመደርደሪያው በመጣ ፋሻ ነው። ሰዓዳ ይህን ስትሰማ የመክሊትን ጭን ትክ ብላ አየችው።

«ምነው?» አለቻት መክሊት።

«ምንም። ነገ እነግርሻለሁ።»

ለሲስተር ቃልኪዳን ነገረቻት። «መደርደሪያው በየማለዳው ይመረመራል፤ ንጹሕ ነው» አለቻት ሲስተር፣ የምርመራ ውጤት የሚበራበትን ሠሌዳዋን እያሳየቻት። ንጹሕ ይላል፤ በየማለዳው ንጹሕ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ይማምን ከግቢው አጥር ውጪ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ታግደውም ዩኒፎርማቸውን ለብሰዋል።

«ምነው ጋሼ፣ ቤት አይሻልም?»

«ቤት ምን ልሠራ? ሚስቴ እንኳ ሳህኔን ለብቻ አድርጋዋለች።» ይህን ሲሉ አልተማረሩም፤ እንደ ወሬ ነው የነገሯት። «አንቺስ ምን ፈልገሽ ነው?»

«መታጠቢያው አጠገብ ያለውን መደርደሪያ ፈልጌ።»

«መደርደሪያውን ተይው። መታጠቢያውን ጠይቂኝ።» ወደ እሷ ዞሩ። «ከመስከረም ጀምሮ ውሃው እያጉረመረመ ነው የሚወርደው። ሐኪሞቹ እጃቸውን ሲታጠቡ ውሃው ቀዳዳውን ይመታና ይፈናጠራል። መደርደሪያው ላይ ጠብታ እያየሁ ከሰዓት ከሰዓት የምወለውለው እኔ ነኝ። ጧት ሲመረመር ታዲያ ምን ይገኝበታል? ሦስት ጊዜ አመለከትኩ። የቧንቧው ውሃ ንጹሕ ነው አሉኝ። ንጹሕማ የሚመጣው ነው፤ የሚሄደውን ማን አየው?»

«ከሥሩ ያለው ቧንቧ አልተመረመረም?»

«መሣሪያው በሚመራበት ካርታ ላይ የክፍሉ አይደለም፤ የሕንፃው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር፤ ይኼ መሣሪያ ደግሞ ሞኝም ወረቀትም ሆኖ ተገኘ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ቀን ሲፎኑን፣ ያን የታጠፈውን ቧንቧ፣ ላላ አድርጌ አሽትቼዋለሁ። ሳይፈቀድልኝ ነው። የሳሙና ሽታ መስሎኝ ነበር። አይደለም። የሰነበተ ቡሆ ሽታ ነው። አንድ ሰው እህል ይደፋበታል፣ ልጄ። ጀርምም እንደ ሰው ነው፤ በልቶ ነው የሚያድር።»

ሰዓዳ እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች። አክብሮት መሰላቸው።

«ማን እንደሆነ ባውቅ አልጣላውም» አሉ ጋሽ ይማም። «አውቆ የሚያደርገው ሰው የለም። ብቻ፣ በቃህ እለው ነበር።»

ቁልቁል ወደ ቤቷ ስትወርድ መንገዱን አላየችውም። ከአሥራ አራቱ ኩባያ ዘጠኙን፣ በየቀኑ። አቶ ሰይድ ካረፉበት ዕለት በፊት ባለው ቀን አጥሚታቸውን ደፍታ ውሃ ስትለቅበት ጠብታው እጅጌዋ ላይ ሲፈናጠር አይታለች፤ በእጇ አራግፋው ወጥታ ለልጆቻቸው «ጨርሰው ጠጡ» ብላለች። ልጆቹም ባዶውን ኩባያ አይተው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። አሁን ያ «አልሐምዱሊላህ» ደረቷ ላይ ተቀምጦ አልነሣ አላት። ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችና አለቀሰች።

ስታበቃ ማሰብ ጀመረች። ቧንቧውን ብቻ መጠቆም ይቻላል። ማን ምን እንደደፋበት መናገር ግድ አይደለም። ነገር ግን እህል ሳይጠቀስ ቧንቧው ውስጥ ቆሻሻ ከተገኘ፣ የወለል እድፍ ደፍቶበት ነው ተብሎ ጋሽ ይማም ላይ ነው የሚላከከው። በዚያ ላይ ሆስፒታሉ ስድስት ፎቅ ነው። በየፎቁ መታጠቢያ አለ፣ በየፎቁ ጠያቂ አለ፣ በየፎቁ የሚራሩላት እናት አለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለች ስንቱን ሕመምተኛ ስትመክር ኖራለች። እንግዲህ አሁን ተራው የእሷ ነው።

ረቡዕ በሩ ሲከፈትላት በቀጥታ ወደ ሲስተር ቃልኪዳን ቢሮ ሄደች።

«የእጅ መታጠቢያው ሲፎን ይፈታ» አለች ቆማ።

«ቧንቧ የእኔ ሥልጣን አይደለም። ለሕንፃ ክፍል ማመልከት እችላለሁ። መልሱ በአሥር ቀን ይመጣል።»

«ማሸጊያው ነገ ነው።»

«ነገ መሆኑን አንቺ አትነግሪኝም፣ ሰዓዳ። ቧንቧው ነው የሚያስብለሽ ምንድን ነው?»

«አጥሚት እደፋበታለሁ። እኔ ነኝ። በየቀኑ፣ አሥራ አንድ ዓመት።»

ሲስተር ቃልኪዳን ሠሌዳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ለምን?»

«ባዶ ኩባያ እንዲመለስላቸው።»

ሲስተር ሠሌዳዋን ገፋ አደረገችው። ስትናገር ድምፅዋ እንደወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። «እናቴ አራተኛ ፎቅ ነው የተኛችው። ከስድስት ዓመት በፊት። ኩባያዋ ሁልጊዜ ባዶ ነበር የሚመለሰው።»

ሰዓዳ የአራተኛውን ፎቅ ጠያቂ አሰበች።

«አራተኛ ፎቅም እንዲሁ ነው?» አለች ሲስተር።

«ሁሉም ፎቅ እንዲሁ ነው።»

ሲስተር ተነሥታ ጓንት አወጣች፤ ለሰዓዳም ጣለችላት። «አንቺ ትፈቺዋለሽ፤ እኔ ናሙናውን እወስዳለሁ። ያለ ፈቃድ ነውና በሩ ሁለታችንንም ይመዘግባል።»

«ይመዝግበን።»

አልጋዎቹን ወደ ወዲያኛው ጥግ ገፉና መጋረጃ ጋረዱ። ሰዓዳ ከእግር እስከ ራሷ ተሸፍና መታጠቢያው ሥር ተንበረከከች። ቧንቧ ፈትታ አታውቅም። ጋሽ ይማም ከአጥሩ ውጪ ከአግዳሚው ላይ ሆነው በስልክ ይመሯታል።

«ባልዲውን ከሥሩ አርገሽዋል?»

«አርጌያለሁ።»

«ወደ ግራ ነው የሚፈታው። አትታገዪው፤ ቀስ። እየላላ ሲመጣ በአንድ እጅሽ ደግፊው። ፊትሽን ወደዚያ አዙሪ።»

መጀመሪያ ውሃ ወረደ። ከዚያ ግራጫ ነገር፣ ወፍራምና ሙልጭልጭ ያለ፣ ተጎትቶ እየረዘመ ባልዲው ውስጥ ተከመረ። የዓመታት ክምችት ነው። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ማንም ሳይናገር መክሊት ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅዋን አሰማች።

«አጥሚት ነው የሚሸተው» አለች።

ሲስተር ቃልኪዳን የቧንቧውን ውስጥ በጥጥ ጠርጋ ናሙናውን ወሰደች። ውጤቱ በአርባ ደቂቃ ነው የሚደርሰው። ሁለቱ ሴቶች ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ሠሌዳው ሲበራ ሲስተር ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አድፋጩ ነው። ከአቶ ሰይድ ደም የወጣው ራሱ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በፍጥነት ሆነ። መታጠቢያው ተነቀለ። ቀዳዳው በሲሚንቶ ተደፈነ። የመደርደሪያው ፋሻ ሁሉ ተቃጠለ። የእጅ ማጽጃ በየአልጋው ራስጌ ተሰቀለ። ሌሎቹ አምስት ፎቆች ሲፎናቸው ሲፈታ በሦስቱ ያው ጀርም ተገኘ። ጠያቂዎቹ አንድ በአንድ ተጠየቁ፤ ሁሉም አመኑ፤ አንዷማ እንዴት ምጽዋት ይገድላል ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የማሸጊያው ትእዛዝ ተሻረ። አሥሩ ሰዎች ለአሥር ቀን በየራሳቸው መጋረጃ ተለይተው ይጠበቃሉ ተባለ።

«በሩ ከነገ ጀምሮ አያስገባሽም» አለቻት ሲስተር ቃልኪዳን። «በአንቺ እጅ ሰው ሞቷል፤ በአንቺ አፍ ሰው ተርፏል። ሁለቱ አይካካሱም። ይህን ልነግርሽ የሚገባኝ እኔ ነኝ።»

«አውቀዋለሁ። የዛሬን ኩባያ ግን እኔ ልመልስ።»

ሲስተር አሰበችና ፈቀደችላት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰዓዳ ኩባያዎቹን እንዳሉ ይዛ ወረደች። ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ ሦስቱ ጎደል ብለዋል፤ ሌላው ሁሉ ሙሉ ነው። ክብደቱ ክንዷን አሳመመው፤ አሥራ አንድ ዓመት ቀላል ነበር። የሰልፉ መጀመሪያ ላይ ወይዘሮ ስንዱ ቆመዋል።

«ሰላም ዋልሽ ሰዓዳ? ጠጣችልኝ?»

«አልጠጣችም፣ እትዬ ስንዱ።»

ወይዘሮ ስንዱ ክዳኑን ከፈቱ። አጥሚቱ ላዩን ስስ ሽፋን አልብሶ እንደገባ ተቀምጧል።

«ዛሬ ምን ሆነች?»

«ዛሬ ምንም አልሆነችም። ከገባች ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አልጠጣችም። የምደፋው እኔ ነበርኩ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ስለ ቧንቧው፣ ስለ ሞቱት፣ መክሊት አሥር ቀን ካላለፈ ዳነች እንደማይባል። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ይሰማል። ወይዘሮ ስንዱ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው አዳመጡ።

«ልጄ ጦሟን እያደረች እኔ ቤቴ ገብቼ እንቅልፌን ስተኛ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ባዶውን ለጎረቤት እያሳየሁ። እዩት፣ ጨረሰችው እያልኩ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል ለሰዓዳ ትንሽ ሆነባት። ወይዘሮ ስንዱ ክዳኑን መልሰው ገጠሙ።

«እሺ፣ ምን ትችላለች?» አሉ። ድምፃቸው የሚቆርጥ ነበር።

«አጃው ነው የሚሸታት። ቀጭን የበሶ ብጥብጥ ቢሞክሩላት። ትንሽ አርገው፤ ሙሉ ኩባያ ሲቀርብላት ያስፈራታል።»

ወይዘሮ ስንዱ አላመሰገኑም፤ አልሰደቡም። ዞረው ሄዱ። ሰዓዳ የቀሩትን ኩባያዎች እያንዳንዱን ከነእውነቱ ሰጥታ ጨረሰች። አንድ ሰው ተፋባት፤ የመስኮቱ መስታወት መለሰው።

በማግስቱ ወደ አቶ ሰይድ ቤት ሄደች። ታላቁ ልጅ ግቢ ብሎ አልጋበዛትም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማት። ከዚያ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። ቢያጋጨው ይሻላት ነበር።

ጋሽ ይማም ሐሙስ ዕለት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። መጀመሪያ ያደረጉት ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ሲሚንቶውን ማየት ነው አሉ። ዳርዳሩን በጥፍራቸው ፈትሸው፣ ይበቃል ብለው ወደ ጨርቃቸው ሄዱ። ለሰዓዳ የነገሯት እሳቸው ናቸው፤ ማታ ማታ ሲወጡ ባሕር ዛፉ ሥር አግዳሚው ላይ ያገኟታል። አሁን እዚያ የምትቀመጠው እሷ ናት። በሩ አያውቃትም፤ ሰልፉም አያናግራትም፤ ሆኖም አሥሩ ቀን ሳያልቅ ቤቷ መዋል አልቻለችም። ካተኮሳቸው ከሁለቱ አንዱ በአምስተኛው ቀን አረፈ፤ ሌላዋ ትኩሳቷ ወረደ። ከአሥሩ ግን አንድም አልተጨመረም። ሰዓዳ ቀኖቹን በጣቷ ትቆጥራለች።

በአሥረኛው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዲሷ ጠያቂ ኩባያዎቹን ይዛ ወጣች። ወይዘሮ ስንዱ እንደወትሯቸው ከፊት ናቸው። የሚያመጡት ኩባያ አሁን ትንሽ ነው፤ የሕፃን ኩባያ ያህላል። ሰሞኑን ሁሉ ሙሉውን ተቀብለው፣ ከፍተው አይተው፣ ገጥመው፣ ማንንም ሳያናግሩ ሲሄዱ ነበር። ዛሬም ጠያቂዋ አፏን ሳትከፍት ክዳኑን አነሡት።

ቆሙ። ኩባያውን ወደ ፀሐይዋ ከፍ አድርገው አዘነበሉት። ጣታቸውን ከውጪ በኩል አስጠግተው ለኩት፤ ደግመው ለኩት። ከዚያ ሰልፉን ትተው ግቢውን አቋርጠው፣ ከአጥሩ ወጥተው ወደ አግዳሚው መጡ። ሰዓዳ ብድግ አለችና እጇን ወደ ኋላ አጣመረች።

ወይዘሮ ስንዱ አጠገቧ ተቀመጡና ኩባያውን አሳዩዋት። ግማሽ ነበር።

«ሁለት ጉንጭ ጠጥታለች» አሉ። ማንም አልነገራቸውም ነበር።